ፋብሪካ የፈለገው ኮሚኒስት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ አምድ ስለ ቡድሃዴብ ባታቻርጂ አንዲት አጭር አንቀጽ ጽፌ ነበር። የህንዷን ምዕራብ ቤንጋል ግዛት ከ2000 እስከ 2011 በዋና ሚኒስትርነት የመራ ሰው ነው። ኮሚኒስት ሆኖ ፋብሪካ ለማምጣት ደፋ ቀና አለ፤ በዚያው በፋብሪካ ጉዳይ ሥልጣኑን አጣ። ከዚያች አንቀጽ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቱን መርጫለሁ። የራሳችንን አቆጣጠር ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ የአውሮፓውያን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነኝ። በአካባቢያችን ፋብሪካ ሲመጣ የአባቴ መሬት ተወሰደ። ካሳው ብዙም ሳይቆይ አለቀ። እኔ ደግሞ ዛሬ እንጀራዬን የማገኘው ከዚያው ፋብሪካ ነው። አባቴና እኔ ስለዚህ ነገር አንነጋገርም። ስለ ህንዳዊው ሲጽፉ ልቤን ነካኝ። ኮሚኒስት የሆነ ሰው እንዴት ባለሀብት ደጅ ይጠናል? ገበሬውስ ለምን ጠመደው?
ዳ.፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ከእጄ አልወጣ ብሎኝ ሰነበተ። የእናንተ ቤት ነገርና የዚያ ሰው ነገር አንድ ቋጠሮ ላይ ይገናኛሉ። መሬቱን ያጣው አባት ነው፤ ሥራውን ያገኘው ልጁ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

በመጀመሪያ ነገር፣ የቤንጋል ኮሚኒስቶች በጠመንጃ አልመጡም። በምርጫ ነው የገቡት። የህንድ ኮሚኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት) በ1964 ከቀድሞው ፓርቲ ተገንጥሎ ወጣ። በ1977 ከሌሎች የግራ ፓርቲዎች ጋር «ግራ ግንባር» ፈጥሮ ምዕራብ ቤንጋልን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በየምርጫው እየተመረጠ 34 ዓመት ገዛ። ጦሩም፣ ማዕከላዊ ባንኩም፣ የውጭ ጉዳዩም የዴልሂ ነው። እነሱ የያዙት አንድ ግዛት ብቻ ነው። ግን ያ አንድ ግዛት በ2001 ቆጠራ 80 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ900 ሰው በላይ። ይህን ቁጥር ያዝልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህ ሰዎች ገበሬው ልብ ውስጥ የገቡት በመሬት ነው። እኛ አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኛው ነፃ ወጣ። እነሱ ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ «ኦፕሬሽን ባርጋ» የሚባል ዘመቻ ጀመሩ። በሕግ ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነውን መሬት ለድሃ ማከፋፈሉ ቀጠለ። ትልቁ ሥራ ግን የእኩል አራሹን ስም መመዝገብ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ጠብቀው ማታ ማታ ወደ መንደር ይሄዳሉ። ስብሰባው ባለመሬቱ ግቢ አይደረግም፣ ሰው እንዳይፈራ። ማን የማንን መሬት እንደሚያርስ በሕዝብ ፊት ይጠየቃል፣ ይጻፋል። ስሙ የተጻፈ አራሽ ከመሬቱ አይነቀልም። ዘሩንም ማዳበሪያውንም ራሱ ካወጣ ከምርቱ ሦስት አራተኛው የእሱ ነው። መብቱ ለልጁ ይተላለፋል። ከ1.4 ሚሊዮን በላይ አራሾች እንዲህ ተመዘገቡ። ፓርቲው 34 ዓመት የኖረው በነዚህ ሰዎች ድምፅ ነው።

ቡድሃዴብ በ1944 በግዛቱ ዋና ከተማ በኮልካታ፣ በሰሜኑ በኩል ተወለደ። አያቱ የሳንስክሪት ሊቅ ነበሩ። እሱ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ገብቶ የቤንጋሊ ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ ጥቂት ጊዜ መምህር ሆነ፤ በ1966 ፓርቲውን ተቀላቀለ። በ1977 ግንባሩ ሲያሸንፍ የማስታወቂያና የባህል ሚኒስትር አደረጉት። የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው፣ ተርጓሚም ነው፣ ተውኔትም ጽፏል። በ1993 ከመንግሥቱ አሠራር ጋር አልተስማማሁም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ከወራት በኋላ ተመለሰ። ኖቬምበር 2000 ላይ፣ 23 ዓመት የመሩት አንጋፋው ጆቲ ባሱ በዕድሜና በጤና ምክንያት ሲወርዱ፣ ዋና ሚኒስትርነቱ ለእሱ ደረሰ።

የተረከበው ግዛት ገጠሩ ደህና፣ ከተማው የደከመ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ የጆንያ ፋብሪካዎቹ ኮልካታ ዙሪያ ቀሩ፣ ጥሬ ዕቃው ጁት የሚበቅልበት ማሳ ግን ባብዛኛው ድንበር ተሻግሮ ቀረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ዴልሂ ለከሰልና ለብረት የማጓጓዣ ድጎማ አወጣ፤ ዕቃው በመላ አገሪቱ በአንድ ዋጋ እንዲሸጥ። ለቤንጋል ይህ ትልቅ ጉዳት ነበር። ማዕድኑ ደጃፏ ነው፣ ግን ቦምቤይ ያለው ባለፋብሪካ በዚያው ዋጋ ካገኘው ለምን ወደሷ ይመጣል? በዚህ ላይ የ1960ዎቹ መጨረሻ የሠራተኛ ትግል መጣ። «ጌራዎ» ይሉታል፤ ሠራተኞች ሥራ አስኪያጁን ከብበው ጥያቄያቸው እስኪመለስ አያስወጡትም። ባለሀብቱ እየነቀለ ሄደ። ኮሚኒስቶቹም በዚህ ድርሻ አላቸው፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ የነሱ ነበሩና።

እኔ ቡድሃዴብ ግዛቱን በሚመራበት ዘመን ለሁለተኛ ዲግሪ ኮልካታ ነበርኩ። የተከራየሁት ቤት ባለቤት የጆንያ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው። ፋብሪካው ወንዙ ዳር ነበር፣ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የፓርቲው ደጋፊ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥግ ላይ ካለው ሻይ ቤት በሸክላ ስኒ ሻይ ይዞ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን «ጋናሻክቲ» የተባለውን የፓርቲውን ጋዜጣ ቆሞ ያነባል። ልጁ በመካኒክስ ዲፕሎማ ይዞ ሥራ ያገኘው ባንጋሎር ነው፣ ከቤቱ ከአንድ ቀን በላይ በባቡር። «ፓርቲዬ ለገበሬው መሬት ሰጠ፣ ለልጄ ግን ሥራ አልሰጠም» አለኝ አንድ ቀን። ምሬት አልነበረበትም፣ እንደተራ ነገር ነው የተናገረው።

ያ ነው ቡድሃዴብን ባለሀብት ደጅ ያስጠናው። የተመዘገበው እኩል አራሽ ልጅ ወልዷል። ልጁ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል። መሬቱ ለሦስት ወንድማማች ሲካፈል ለማንም አይበቃም። አሁን ያን ቁጥር አስታውስ፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ900 ሰው በላይ። የምርጫ መፈክሩ «እርሻ መሠረታችን ነው፣ ኢንዱስትሪ የወደፊት ዕጣችን ነው» የሚል ነበር። ከልቡ ነው የሚለው። ሠራተኞቹን «ዛሬውኑ ሥሩ» እያለ ያጣድፋል። የኮምፒውተር ኩባንያዎችን ሶልት ሌክ በሚባለው ሰፈር አስገባ፤ በሥራ ማቆም አድማ ቀን እንኳ እንዳይዘጉ አደረገ። ይህ በኮልካታ ቀላል ነገር አይደለም። «ባንድ» የሚባል አጠቃላይ አድማ በተጠራ ቀን ከተማዋ ጭር ትላለች፣ ልጆች አውራ ጎዳናው መሃል ክሪኬት ይጫወታሉ። በ2008 በአደባባይ፣ አድማ የሚጠራ ፓርቲ አባል መሆኔ ያሳዝነኛል፣ ከእንግዲህ ዝም አልልም እስከማለት ደረሰ። የገዛ ጓዶቹ ተቆጡት።

በ2006 ምርጫ ግንባሩ ከ294 መቀመጫ 235 አሸነፈ። ሜይ 18 ቃለ መሐላ ፈጸመ። በዚያው ዕለት ከትልቁ ባለሀብት ከራታን ታታ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ አዋጁን አሰማ፤ የታታ መኪና አምራች ኩባንያ፣ ታታ ሞተርስ፣ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ የምታወጣ የድሃ መኪና፣ «ናኖ»ን፣ ቤንጋል ውስጥ ሊሠራ ነው። ቦታው ሲንጉር፣ ከኮልካታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁግሊ ወረዳ፣ ፈጣኑ መንገድ ዳር። የሚያስፈልገው መሬት 997 ኤከር ነው፣ ወደ 400 ሄክታር።

ገበሬው ለምን ጠመደው ላልከው መልሱ ያለው እዚህ ነው። ሲንጉር ጠፍ መሬት አይደለም። በዓመት ከአንዴ በላይ የሚያመርት፣ ሩዝ ታጭዶ ድንች የሚተከልበት አፈር ነው። ያን 997 ኤከር የያዙት ከ10,000 በላይ ባለይዞታዎች ናቸው፣ አንዳንዱ ከጓሮ የማትበልጥ ቁራጭ ይዞ። መንግሥት ይህን ሁሉ ሰው ቁጭ አድርጎ አላነጋገረም። እንግሊዞች በ1894 ያወጡትን የመሬት መውሰጃ ሕግ ተጠቀመ። በዚያ ሕግ መንግሥት «ለሕዝብ ጥቅም» ካለ ባለመሬቱ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፣ ግን ፈቃዱ አይጠየቅም፤ የመጨረሻው ቃል የመንግሥት ነው።

ካሳውን ደግሞ እይ። ለባለመሬቱ ይከፈላል። ስሙ ለተመዘገበ እኩል አራሽ ከመሬቱ ዋጋ 25 በመቶ ይሰጣል። ያልተመዘገበው አራሽና የቀን ሠራተኛው ግን ባዶ እጁን ቀረ። ባለመሬቶቹ ብዙዎቹ ከተማ የሚኖሩ ናቸው፣ ቼካቸውን በደስታ ተቀበሉ። የተጎዳው ድንቹን የሚተክለውና የሚቆፍረው ሰው ነው። ማታ ማታ እየሄደ የዚያን ሰው ስም የመዘገበው ፓርቲ፣ አሁን ፖሊስ ይዞ አጥር አጠረበት። ለኔ የቡድሃዴብ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ፋብሪካ መፈለጉን አልነቅፍም። ገበሬውን በስሙ የሚያውቅ ፓርቲ መሪ ሆኖ፣ ስሙን ሳይጠይቅ መግባቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወደ 400 ኤከር የሚሆነው መሬት ባለቤቶች ካሳውን አንወስድም አሉ። ተቃዋሚዋ ማማታ ባነርጂ ዲሴምበር 2006 ላይ ኮልካታ መሃል 25 ቀን ምግብ ሳትቀምስ ተቀመጠች። ፋብሪካው ግን መሠራቱን ቀጠለ። በ2008 ክረምት በአውቶቡስ በዚያ አልፌያለሁ። በአንድ ወገን ረጅም አጥር፣ ከኋላው ነጫጭ ሰፋፊ ጣሪያዎች፣ በር ላይ ዘበኞች። መንገዱን ተሻግሮ በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው የሩዝ ችግኝ ያዛውራል። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት የሲንጉር ልጅ ነበር። ታታ ካሠለጠናቸው አንዱ ነው፤ የብየዳ ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ በኩራት አሳየኝ። አጎቱ ከተቃዋሚዎቹ ጋር መንገድ ዳር እንደሚያድር ነገረኝ። አንተና አባትህ ማለት ናችሁ።

በዚያው ኦገስት ማማታ ደጋፊዎቿን ይዛ አውራ ጎዳናውን ዘጋች። ከዴልሂ የሚሾሙት የግዛቱ ገዥ፣ የማሃተማ ጋንዲ የልጅ ልጅ ጎፓልክሪሽና ጋንዲ፣ ሁለቱን አቀራርበው አንድ ስምምነት ተፈረመ፤ ወዲያው ፈረሰ። ኦክቶበር 3 ቀን 2008 ራታን ታታ ወጥቻለሁ አለ። በቀናት ውስጥ ናኖ ወደ ጉጃራት፣ ያኔ ናሬንድራ ሞዲ ወደሚመራት ግዛት ሄደች። የብየዳ ወረቀት የያዘው ልጅ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ለአባትህ ዝም አትበለው። እኔ አንተን ብሆን የምጠይቀው መሬቱ ስንት ያወጣ እንደነበር አይደለም። ማን ጠይቆት ነበር ብዬ ነው የምጠይቀው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ የነርስ ረዳት ነኝ። አብራኝ የምትሠራ የኮልካታ ሴት አለች። የዚህን ሰው ስም ብጠራላት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ደግ ሰው ነበር፣ ግን ናንዲግራምን ይቅር አልለውም» አለችኝ። ናንዲግራም ምንድን ነው? ደግ ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል?
እህታችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ የሥራ ባልደረባሽ የተናገረችው ብዙ የቤንጋል ሰው የሚለውን ነው።

ናንዲግራም ከሃልዲያ ወደብ ወንዝ ተሻግሮ ያለ የገጠር አካባቢ ነው። መንግሥት እዚያ የኬሚካል ፋብሪካዎች መንደር ሊሠራ አሰበ፣ የኢንዶኔዥያው ሳሊም ግሩፕ የሚሳተፍበት። ከሲንጉር አሥር እጥፍ የሚሆን መሬት ይፈልጋል። በ2007 መጀመሪያ ላይ መንደሮቹን የሚዘረዝር ማስታወቂያ ከሃልዲያ ልማት ባለሥልጣን ወጣ። ሰዉ ሲንጉርን አይቷል። መንገዱን ቆፈረ፣ ድልድዩን ቆረጠ፣ ፖሊስም የፓርቲ ሰውም እንዳይገባ ከለከለ። ከተቃወሙት ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ለኮሚኒስቶቹ ድምፅ ሲሰጡ የኖሩ ብዙ ነበሩ። የፓርቲው ደጋፊዎችም ከቤታቸው ተባረሩ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ።

ቡድሃዴብ ሕዝቡ ካልፈለገ መሬት አንወስድም አለ። ቃሉ ግን ዘግይቶ መጣ፣ ሰዉም አላመነውም። ማርች 14 ቀን 2007 ፖሊስ ሥርዓት አስከብራለሁ ብሎ ገባ። ፊት ለፊት የቆሙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ተኩስ ተከፈተ፣ 14 ሰው ሞተ። ገዥው ጋንዲ ዜናው ቀዝቃዛ ድንጋጤ እንደለቀቀባቸው በይፋ ተናገሩ። አንድ ገዥ የመንግሥቱን ሥራ እንዲህ ሲል ያልተለመደ ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፓርቲው ሰዎች ታጥቀው መንደሮቹን በኃይል አስመለሱ። ዋና ሚኒስትሩ ምን አለ? በሠሩት ልክ ተከፈላቸው አለ። ኋላ መጸጸቱን ተናግሯል። ግን ያ አነጋገር አልተረሳም። እኔም አልረሳሁትም፣ ምክንያቱም ከሱ አልጠበቅኩም። ይህ ሰው ኮልካታ ውስጥ «ናንዳን» የተባለውን የፊልም ማዕከል ያቆመ፣ ማታ ከቢሮ ወጥቶ እዚያ ቁጭ ብሎ ከደራሲና ከፊልም ሠሪ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ኖቬምበር 14 ቀን እነዚያው ወዳጆቹ፣ ተዋናዩ፣ ሠዓሊው፣ ገጣሚው፣ መምህሩ፣ ከኮሌጅ ስኩዌር ተነሥተው ሰልፍ ወጡበት። የዚያን ቀን እዚያ ነበርኩ። የፓርቲ ባንዲራ የለም። መጽሐፍ ሻጮቹ መደብራቸውን ትተው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሰልፉ አያልቅም። አንዲት ሸምገል ያለች መምህርት፣ ጥጥ ሳሪ ለብሳ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ለነሱ ነው ድምፅ የሰጠሁት» ትላለች፣ ላገኘችው ሰው ሁሉ። ለኔም ነገረችኝ፣ የውጭ አገር ሰው መሆኔን እያየች።

ደግ ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል ላልሽው፣ የኔ መልስ ይህ ነው። ጉቦ የማይበላ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ያምናል። ለራሴ ምንም አልፈለግኩም፣ ለልጆቻቸው ሥራ ነው የፈለግኩት ይላል። እውነቱን ነው። ከዚያ የሚቃወመው ሁሉ ወይ ያልገባው ወይ የተገዛ ይመስለዋል። ቡድሃዴብ የገባበት ችግር ይኸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ጓዶቹም አልረዱትም። ሰላሳ ዓመት የገዛ ፓርቲ በየመንደሩ የራሱ አለቃ፣ የራሱ ጉልበተኛ አለው። የመንደሩን እውነት ወደ ላይ የሚያደርስለት ሰው አልነበረም። ይህ ግን የአሥራ አራቱን ደም አያቀልለትም። ባልደረባሽ ይቅር አልልም ማለቷ መብቷ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሰውየው ከሥልጣን እንዴት ወረደ? ሀብት አፍርቷል? ሲንጉርስ ዛሬ ምን ሆነች?
መምህር ተ.፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ መምህር፣ አክባሪዎ ነኝ።

የወረደው በምርጫ ነው። በ2009 በአገር አቀፉ ምርጫ ግንባሩ ክፉኛ ተመታ። ከዚያ በፊት ኖቬምበር 2008 ላይ፣ ሳልቦኒ በተባለ ቦታ የጂንዳል የብረት ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ጥሎ ሲመለስ፣ ማኦኢስት የሚባሉት የታጠቁ አማፂዎች መንገዱ ላይ ፈንጂ ቀብረውበት ለጥቂት ተርፏል። የብረት ፋብሪካውም አልተሠራም፣ ከዓመታት በኋላ እዚያ ቦታ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተከፈተ። ሜይ 2011 ላይ 235 የነበረው የግንባሩ መቀመጫ 62 ሆነ። እሱ ራሱ ከ1987 ጀምሮ በተመረጠባት ጃዳቭፑር ከ16,000 ድምፅ በላይ ተበልጦ ወደቀ። ያሸነፈው የቀድሞው የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ነው፣ ከሱ ጋር የሠራ ሹም። ቡድሃዴብ በዚያው ዕለት መልቀቂያውን አስገባ። ማማታ ዋና ሚኒስትር ሆነች። ፓርቲው ከዚያ ወዲህ አላገገመም፣ በ2021 ምርጫ በግዛቱ ምክር ቤት አንድም መቀመጫ አላገኘም።

ሀብት ላሉት፣ የለውም። ዋና ሚኒስትርም ሆኖ፣ ከወረደም በኋላ፣ ፓልም አቬኑ ላይ ባለች ሁለት ክፍል የመንግሥት አፓርታማ ነው የኖረው። የራሱ ቤት የለው፣ የራሱ መኪና የለው። ጠላቶቹም በዚህ አያሙትም። በ2022 መንግሥት «ፓድማ ቡሻን» የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሰጠሁህ ሲለው አልቀበልም አለ። ብዙ ሲጋራ ያጨስ ነበርና ሳንባው ተጎድቶ የመጨረሻ ዓመታቱን በኦክስጅን ነው ያሳለፈው። ኦገስት 8 ቀን 2024፣ በ80 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ አልተቃጠለም። በኑዛዜው መሠረት ለሕክምና ትምህርት ተሰጠ። ባቡሮቹና አውቶቡሶቹ ከየወረዳው ሰው አመጡ፤ ከሸኚዎቹ መካከል በ2011 በድምፃቸው ያወረዱት እንደነበሩበት አልጠራጠርም።

ሲንጉር ሦስተኛው ነው። ኦገስት 2016 ላይ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ የተወሰደው ከሕግ ውጪ ነው ብሎ ፈረደ፤ ለባለቤቶቹ ይመለስ አለ፣ ካሳ የወሰደም ካሳውን አይመልስም አለ። ጣሪያዎቹ ፈረሱ፣ ኮንክሪቱ ተነቀለ። ማማታ በጥቅምት ወር ሄዳ የሰናፍጭ ዘር በተነች፣ ፎቶግራፉ በየጋዜጣው ወጣ። ግን ሲሚንቶ የተፈሰሰበት፣ በአመድና በአሸዋ የተደለደለ አፈር በአንድ ክረምት የድንች አፈር አይሆንም። መሬታቸው ተመልሶላቸው ማረስ ያልቻሉ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። በ2023 ደግሞ የግልግል ጉባኤ ታታ ሞተርስ ለደረሰበት ኪሳራ 7.6 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ፣ ከነወለዱ፣ ከግዛቱ የኢንዱስትሪ ልማት ኮርፖሬሽን እንዲከፈለው ወሰነ። ናኖም ጉጃራት ሄዳ ገበያ አላገኘችም፣ ምርቷ በ2018 ቆመ።

ከዚህ ሁሉ አንድ የረባ ነገር ወጥቷል። የ1894ቱ ሕግ ተሻረ። ሲንጉርና ናንዲግራም ያስነሱት ክርክር ዴልሂ ደርሶ በ2013 አዲስ የመሬት ሕግ ወጣ፣ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት ለግል ኩባንያ መሬት የሚወስድ ከሆነ ከተነኪዎቹ ባለቤቶች 80 በመቶው አስቀድመው እሺ ማለት አለባቸው። መንግሥትና ኩባንያ በሽርክና ከሆኑ 70 በመቶው። በገጠር ካሳው ከገበያው ዋጋ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ተጎጂ የሚባለውም ባለመሬቱ ብቻ መሆኑ ቀረ። በመሬቱ ላይ ሲሠሩ የኖሩት እኩል አራሹና የቀን ሠራተኛው አሁን በስም ሕጉ ውስጥ ተጽፈዋል።